ለ20 ሰው ካምፕ ስንት ማዳበሪያ ማገዶ ይበቃል?

ድንኳን የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። ስፒከር ለመያዝማ ሦስት አራት ሰው ይሽቀዳደማል። «እንጨትስ?» ስትሉ ግን ሁሉም «እዛው እንለቅማለን» ነው የሚላችሁ።

እኛም እንደዛ ብለን ነው የመጀመሪያ ጊዜ ወንጪ የሄድነው። 22 ሆነን፣ በኮስተር፣ ኅዳር ላይ። ፎቶ ስንነሳ ጀንበሯ ጠለቀች፤ የተለቀመው ጭራሮ ለአንድ ጀበና እንኳ አይበቃም ነበር። ለአንድ የሰፈሩ ልጅ ብር ሰጥተን እንጨት አምጣ አልነው። ልጁ አላታለለንም። እንጨት አልነው፣ እንጨት አመጣ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት የተቆረጠ ባህር ዛፍ! እሳት ላይ ሲጣድ ከጫፉ ውሃ ያረፋል። ምስር ወጡ የደረሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ግማሹ ሰው ዳቦውን በልቶ ተኝቶ ነበር፣ የቀረነው በጭስ ስናለቅስ አመሸን።

ከዚያ ወዲህ የማገዶ ኃላፊው እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፤ ያን ሌሊት በጣም የጮህኩት እኔ ስለነበርኩ ነው።

ከሁሉ በፊት እሳት ማንደድ የሚፈቀድበትን ቦታ ጠይቁ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንጨት መልቀም የለም፤ ደረቅ ወድቆ ብታገኙትም አትንኩት። ወንጪም ከገበታ ለሀገር ሥራ በኋላ እኛ መጀመሪያ ያየናት ወንጪ አይደለችም። ስለዚህ ድሮ ያነደዳችሁበት ቦታ ዛሬም ይፈቀዳል ብላችሁ አትሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ብዙ ሰው «ለ20 ሰው ስንት እንጨት?» ብሎ ይጠይቃል። ለወጡ ልክ ነው፣ በሰው ይቆጠራል። ለሚሞቀው እሳት ግን የሚቆጠረው ሰዓት ነው። አምስት ሰው ቢከበው ሃያ ሰው ቢከበው እሳቱ የሚበላው ያው ነው። በእኔ ልምድ ደህና የሚያሞቅ እሳት በሰዓት ስድስት ኪሎ ገደማ ደረቅ ፍልጥ ይፈጃል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከተቀመጣችሁ አምስት ሰዓት ነው፤ 30 ኪሎ ያዙለት። ለእራት 15 ኪሎ፣ ለጠዋት ሻይ፣ ቡናና ፍርፍር 10 ኪሎ። 55 መጣ። ሩብ ያህል ጨምሩበት፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከእሳት አጠገብ እጁ የማያርፍ፣ ጨዋታ ሲደራ ግንድ የሚወረውር አንድ ሰው አለ። ወደ 70 ኪሎ ይሆናል።

ይህ በማዳበሪያ ከረጢት ሦስት ነው። 50 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት ፍልጥ ሲሞላ መሀል መሀሉ ክፍተት ስለሚሆን ከ25 ኪሎ ብዙ አያልፍም። ሻጩ «50 ኪሎ ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ላንጋኖ ከሆነ የምትሄዱት የምሽቱን እሳት በግማሽ ቀንሱት። እዛ እሳት ለብርሃንና ለጨዋታ እንጂ ለብርድ አይደለም። ወንጪ ግን አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሌላም ነገር አለ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ሲንተከተክ ታዩታላችሁ፣ ክኩ ግን አልበሰለም። ባቄላና ሽምብራ አታስቡ። እኔ ቁሌቱን ቤት ሠርቼ በዕቃ ይዤ ነው የምሄደው፤ ሽንኩርት ማቁላላት ብቻውን ስንት ፍልጥ እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክኩን ቀን ላይ ዘፍዝፉት። ድስቱንም ክደኑት፣ በየደቂቃው እየከፈተ የሚያየውን ሰው አባርሩት።

እንጨቱን ከየት? ከአዲስ አበባ ወይም መንገድ ላይ ካለ ከተማ፣ በቀን፣ እያያችሁ ግዙ። ደረቅ እንጨት ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለው፣ ቅርፊቱ በጣት ይላቀቃል። ሁለቱን ፍልጥ አጋጩአቸው፤ ደረቁ ቋ ይላል፣ እርጥቡ ዱብ። ባህር ዛፍ ደርቆ ከተፈለጠ ግሩም ማገዶ ነው፣ ፍሙም ይቆያል። ቅጠሉ ግን ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነሳል፤ ድንኳን አጠገብ አታንድዱት። ጥድ ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ግን እየተንጣጣ ብልጭታ ይተፋል። አጠገቡ ናይለን ጃኬት የለበሰ ሰው አታስቀምጡ። ግራርና ወይራ እሳታቸው የሚረጋ ነው፣ እኔ ግን ፈልጌ አልገዛም። አብጃታ ሻላ አካባቢ ግራሩ ለከሰል እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው ላንጋኖ ሄዶ ግራር ለማንደድ እጁ ያመነታል።

አንድ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን «ነጻ እንጨት አገኘሁ» ብሎ ከግንባታ ቦታ ሁለት ከረጢት አመጣ። ግማሹ ቺፕውድ፣ ግማሹ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነበር፣ ሚስማሩ እንዳለ። ሙጫውና ቀለሙ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ በዚያ ላይ ሥጋ ልንጠብስበት ነበር። ሳይወርድ በመጣበት ኮስተር ተመለሰ። ጓደኛዬ እስከዛሬ ቅር ይለዋል።

ሲጫን በሸራ ሸፍኑት። ጭራሮውን ለብቻው፣ በፌስታል። ለማቀጣጠያ እኔ የምይዘው ጧፍ ነው። ከክብሪት በላይ ይቆያል፣ ንፋስም ቶሎ አያጠፋውም፣ ርካሽ ነው። ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ከጭራሮው ስር ሻጥ አድርጉ። ቤንዚን የሚያርከፈክፍ ጀግና ካለ ጄሪካኑን ቀሙት።

ከደረሳችሁ በኋላ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሁለት እሳት አንድዱ። አንዱ የድስት፣ አንዱ የሰው። በአንድ እሳት ሁለቱን ለማድረግ ስትሞክሩ ነው ጠቡ የሚመጣው። የሚሞቀው ሰው ነበልባል ይፈልጋል፣ ወጥ የሚሠራው ልከኛ እሳት ይፈልጋል፣ ድስቱ መሀል ላይ ያርራል። የድስቱ ሦስት ጉልቻ ነው። ድንጋዩን ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር አታንሱ፤ ውስጡ የገባው ውሃ ሲግል ድንጋዩን ያፈነዳዋል። እንጨቱን ጫፍ ለጫፍ መሀል ላይ አገናኙና በበላ ቁጥር ወደ ውስጥ ግፉት። የሰውም ቢሆን ደመራ አይደለም፣ ቁመት አያስፈልገውም። ከጉልበት ከፍ ካለ እንጨት እያባከናችሁ ነው፤ ሰውም ከሙቀቱ ይሸሻል እንጂ አይጠጋም።

ድንኳኖቹን ከእሳቱ ቢያንስ ስምንት አስር እርምጃ አርቁ፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል። ጉድጓዳማ ቦታ ላይ ደግሞ ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ከአፋፉ ወደ ታች ይወርዳል። ቀን ላይ ጭሱ በሄደበት ሌሊት ይሄዳል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ብርድ ቢበረታም የከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባላል። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው፤ ከሰል አፍኖት የሞተ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም።

የጠዋቱን ማዳበሪያ እደብቀዋለሁ። የምሬን ነው። መኪናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ። ውጭ ካደረ ጤዛ ይመታዋል፣ ጤዛው ቢምረው የሚያመሹት አይምሩትም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጃችሁ ደንዝዞ ስትነሱ ደረቅ ፍልጥ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ማጥፋቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አፈር አልብሶ ይሄዳል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ የሚያዳፍኑት ለምን ነበር? እንዳይጠፋ፣ ለጠዋት እንዲያድር ነው እኮ! አፈር ማልበስም ያው ማዳፈን ነው። በ2011 ስሜን ተራሮች ላይ የተነሳውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መምጣቱን አስታውሱ፤ በበጋ ደጋ ላይ ሣሩ እንደ ጭድ ነው። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም። እኔ ለዚህ ብቻ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ማንም እጁን አይታጠብበትም።

የተረፈ ፍልጥ ካለ ለጥበቃው ወይም በአቅራቢያው ላሉ እናቶች ስጡ። ባለፈው ግማሽ ማዳበሪያ ተርፎን ነበር፤ የተቀበሉን እናት አንዱን ፍልጥ አንስተው ከሌላው ጋር አጋጩት፣ ቋ ሲል ሰሙና «ይሄስ ደርቋል» ብለው ይዘውት ገቡ።