አሜሪካ ውስጥ ካሽህን ወይ መኪናህን ከያዙብህ ቀኑ ሳያልፍ የምታደርገው

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች እባካችሁ ይቺን አንብቧት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ጥፋተኛ ተብሎ ሳይሆን ለመጣለት ደብዳቤ ሳይመልስ ቀርቶ ነው። ሲቪል ፎርፊቸር (ከወንጀል ጋር ተያይዟል የተባለን ንብረት በፍታብሔር ክስ መውረስ) የሚባለው ክስ የሚመሰረተው በንብረቱ ላይ ነው እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም፣ መዝገቡ ራሱ አሜሪካ ከሳሽ ይሄን ያህል ሺ ዶላር ተከሳሽ ተብሎ ይከፈታል፣ ስለዚህ አንተ ሳትታሰር ገንዘቡ ብቻውን ሊወረስ ይችላል።

የያዘብህ ፌደራል ከሆነ (ዲኢኤ የሚባለው የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ፣ ካስተምስ ምናምን) እዛው ሪሲት ተቀበል፣ አድራሻህንም በትክክል አስመዝግብ፣ ኖቲሱ፣ ማለትም የማሳወቂያው ደብዳቤ፣ የሚመጣው በፖስታ ነው። ሲመጣ ምርጫ ይሰጥሃል። ፔቲሽን ማለት ራሱን የያዘብህን መስሪያ ቤት እባክህ መልስልኝ ማለት ነው፣ የሚወስነውም እሱው ነው። ክሌይም፣ ማለትም ንብረቱ የኔ ነው የሚል ጥያቄ፣ ካስገባህ ግን ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፣ መንግስትም ፍርድ ቤት ካላራዘመለት በ90 ቀን ውስጥ ወይ መክሰስ ወይ መመለስ አለበት። የላብህ ገንዘብ ከሆነ እኔ ክሌይም ነው የምለው። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 35 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ከተላከበት ቀን እንጂ እጅህ ከገባበት አይደለም! ማስያዣ አትጠየቅም፣ ንብረቱን ለይተህ ያንተ መሆኑን ጽፈህ በመሃላ ትፈርማለህ፣ እዚህ ላይ መዋሸት ለብቻው ወንጀል ነው። በወንጀልም እየተመረመርክ ከሆነ ጠበቃ ሳታማክር አትፈርም፣ የጻፍከው ተመልሶ ሊመጣብህ ይችላል።

ክሱ ፍርድ ቤት ሲገባ እዛም እንደገና ክሌይም ታስገባለህ፣ ከዛ በ21 ቀን ውስጥ ለክሱ የጽሑፍ መልስ ታስገባለህ። የመጀመሪያው ክሌይም ይበቃል ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

አሁን ማስረጃ። መንግስት ከወንጀል ጋር መያያዙን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አይጠበቅበትም፣ ሚዛኑ ትንሽ ወደሱ ካጋደለ ይበቃዋል፣ ለዛ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው። የኛ ሰው ትልቁ ችግር እቁብ ነው፣ 20 ሺ ዶላር በካሽ ወጥቶልህ ከየት አመጣኸው ስትባል የምታሳየው የለህም። የእቁቡን ዝርዝር፣ የከፈልክበትን የዜል ታሪክ፣ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ በመሃላ የፈረሙትን ቃል ሰብስብ፣ ታክስ ሪተርንና የባንክ ስቴትመንትም ጨምርበት። መኪናህን ለዘመድ አውሰህ እሱ ጥፋት ሰርቶበት ከሆነ ደግሞ አለማወቅህን የምታስረዳው አንተ ነህ፣ ኢኖሰንት ኦውነር ይባላል።

ኤርፖርት ላይ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መውጣት አይከለከልም፣ ዲክሌር አለማድረግ (ለካስተምስ አለማሳወቅ) ነው ጣጣው። ሳታደርግ ከተያዝክም ሁሉም ይወረስ ማለት ላይሆን ይችላል፣ በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባጃካጂያን በሚባል ሰው ጉዳይ ምንጩ ህጋዊ የሆነ 357,144 ዶላር ሪፖርት ስላልተደረገ ብቻ በሙሉ መውረስ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ብሏል፣ ለጠበቃህ አንሳበት።

የጠበቃ ወጪ አስፈርቷችሁ አትተዉት፣ በፌደራሉ ክስ በአብዛኛው ካሸነፍክ ተመጣጣኙን የጠበቃ ክፍያ መንግስት ይሸፍናል። የያዘብህ የስቴት ፖሊስ ከሆነ ግን ቀኑም ህጉም ሌላ ነው፣ ኒው ሜክሲኮ ለምሳሌ በ2015 ሲቪሉን ጨርሳ አስቀርታዋለች፣ ስለዚህ የስቴትህን ህግ የሚያውቅ ጠበቃ በዛው ሳምንት ደውለህ ያዝ።