ኪንታሮት ሲወጣ የማይደረጉ ነገሮች

ልጆች ሳለን «ኮከብ አትቁጠሩ፣ ኪንታሮት ያበቅልባችኋል» እንባል ነበር። ኮከቡ የለበትም። እጅ፣ እግርና ፊት ላይ የሚወጣውን ኪንታሮት የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤችፒቪ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። በትንሽ ጭረት ገብቶ የላይኛው ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እኛ ግን በአንድ ሌሊት ልንገላገለው እንፈልጋለን፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በምላጭ መቁረጥ

ጫፉ ቢቆረጥም ቫይረሱ ዙሪያው ባለው፣ ደህና በሚመስለው ቆዳ ውስጥ ይቀራል። ምላጩ ደግሞ አዲስ መግቢያ ይከፍትለታል። በፈረስ ጭራ አስሮ መበጠስም ያው ነው፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ደግሞ ሌላ በሽታ ተጨመረ ማለት ነው።

ፊቱ ላይ ጠፍጣፋ ኪንታሮት ያለበት ሰው ጢሙን ሲላጭ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ እዩ። ትንንሾቹ እብጠቶች ምላጩ በሄደበት መስመር ተሰልፈው ይወጣሉ። እስኪድን ጢምን በመቀስ ማሳጠር ይሻላል። ጸጉር ቤትም ቢሆን የራስን ምላጭ ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

ያገኙትን መቀባት

የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከነካ እይታን ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ አስሮ ማደርም ቆዳን ያቆስላል። የባትሪ አሲዱን ጭራሽ አታንሱብኝ።

መድኃኒቱን በሳምንቱ መተው

ፋርማሲ የሚገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቦታውን ለ5 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉት። የነጣውን የሞተ ቆዳ በሞረድ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡና መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጉ። በየቀኑ፣ እስከ 12 ሳምንት። ሞረዱ ለዚህ ብቻ ይሁን፤ ለጥፍር አይዋል፣ ለሰውም አይዋስ። ፊትና ብልት ላይ ግን አይቀባም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ከመቀባቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ሐኪም ቤት በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝም አለ። እሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ ሄዶ «አልሠራልኝም» ማለት አያዋጣም።

ጥቁሩን ነጥብ በመርፌ መቆፈር

ውስጥ እግር ላይ ያለውን ኪንታሮት ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉት። ሰዉ «ሥሩ ነው» ብሎ ይቆፍራል። ሥር አይደለም፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በጫማ ከደነደነ ቆዳ የሚለየውም በዚህ ነው። በተጨማሪም ኪንታሮት ከጎንና ከጎን ሲጨመቅ ያማል፣ ድንዳኔ ግን ከላይ ሲጫኑት።

አንቲባዮቲክ መዋጥ

ቫይረስ ነው። አይነካውም።

ብልት ላይ የወጣውን መደበቅ

የዚህኛው ዋና መንስኤ የኤችፒቪ ዓይነት 6 እና 11 ናቸው። የእጅ ኪንታሮት መድኃኒት አይቀባበትም፤ እርጉዝ ሴትም መድኃኒቱን የምትመርጠው ከሐኪም ጋር ነው። ትዳር ከማወክ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ፦ ቫይረሱ ከገባ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ሊወጣ ስለሚችል ማን ከማን እንደያዘ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ለማህጸን በር ካንሰር ይበልጥ የሚያሰጉት ሌሎች ናቸው፣ በተለይ 16 እና 18። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መስጠት የጀመረችው ክትባት እነዚህን ይከላከላል። የወጣን ኪንታሮት ግን አያድንም።

ልጅን ማስጨነቅ

ልጆች ላይ የወጣ ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በአንድ ሁለት ዓመት ይጠፋል። ካላመመው ልጁን ይዞ ማቃጠል ምን ይባላል? ጥፍሩን እንዳይበላ፣ እንዳይቧጥጠው መጠበቅ ይበቃል። ትልቅ ሰው ላይ ግን በአንድ ጊዜ በብዛት ከፈላ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ቀለሙን የቀየረ፣ ሳይነካ የሚደማ ወይም በፍጥነት የሚያድግ ከሆነም ለቆዳ ሐኪም ይታይ፤ ኪንታሮት ላይሆን ይችላል።