የስፖርት መኪናህን የቴስታታ ጋስኬት እቤትህ ለመቀየር

ላዲያተሩ ውሃ ይጨርሳል? ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይጠፋም? የዘይት ክዳኑ ስርም ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ጋስኬቱ፣ ማለትም በቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እና በብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ሳይበላ አልቀረም።

ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነካው፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በትኩሱ ከተፈታ ይጣመማል። ማታ አቁመህ የባሕር ዳር ፀሐይ ሳይከር ጠዋት ጀምር። ኩላንቱን (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በባልዲ ተቀበል። ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ እንዳትደፋው፣ መርዝ ነው፣ ውሻም ስለሚጣፍጠው ይጠጣዋል። ቺንጊያውን ከማውጣትህ በፊት የታይሚንግ ምልክቶቹን (የሞተሩ ዘንጎች እርስ በርስ የሚገጥሙበትን ቦታ የሚያሳዩትን) አጋጥመህ ፎቶ አንሳ።

ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላላህ ፍታ።

ጊዜህን የሚበላው ጽዳቱ ነው፣ ይብላው። የድሮውን ጋስኬት በፕላስቲክ መፋቂያ አንሳ፤ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ፊቱን ያበላሻል። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት ቴስታታው ላይ በርዝመትም በአግድምም እያጋደምክ ከስሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) ሞክር፣ 0.1 ሚሊሜትሩ ከገባ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስተካክል። የቡሎን ቀዳዳዎቹንም አድርቅ፤ ፈሳሽ ከቀረ ስታጠብቅ ብሎኩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስትገጥም ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ የመኪናው ማኑዋል በሚለው ልክና ደረጃ አጥብቅ። እዚህ ላይ «በእጄ አውቀዋለሁ» አይሠራም፣ ቶርክ ሬንች (የምታጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ተዋስ። ማኑዋሉ ቡሎን ቀይር ካለም ቀይር።

አዲስ ዘይትና ኩላንት ሞልተህ፣ የካቢን ማሞቂያውን ከፍተህ አየሩን አስወጣ። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጣ፣ ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። ሲቀዘቅዝ ውሃውን እንደገና እይ።