እኩልታው አልፈታ ሲል፦ ለማታ ተማሪዎች ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ ከሥራ መልስ ለሚማሩ ትልልቅ ሰዎች ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። የአይሱዙ ሹፌር አለ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ የምትሸጥ አለች፣ ልጆቿን አሳድጋ 9ኛ ክፍልን ዘንድሮ የጀመረች እናት አለች። ሲመጡ የሚሉት አንድ ነው፦ «እኔ ድሮም ሒሳብ አይገባኝም።» ደብተራቸውን ስገልጥ የማየው ግን ሌላ ነው። ከልጅነት የቀረች አንዲት አጭር ሕግ በቃላቸው ይዘው፣ በማትሠራበት ቦታ ሁሉ ይጠቀሙባታል። ስለዚህ የተሳሳተውን መልስ ብቻ አይቼ ስህተቱ የት ላይ እንደተፈጠረ ብዙ ጊዜ አውቃለሁ።

ከዚህ በታች ኤክስን፣ ማለትም የምንፈልገውን ቁጥር፣ በ«ሀ» ተክቻለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ልማድ ያዙ፦ ያገኛችሁትን መልስ በሀ ቦታ አስገብታችሁ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን እዩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ መምህር ሳይነግራችሁ መሳሳታችሁን ታውቃላችሁ።

3ሀ = 12 ተብሎ ሀ = 9 ሲወጣ

አስገብታችሁ ሞክሩት፤ 3 × 9 = 27 ነው እንጂ 12 አይደለም።

መንስኤው ያቺ ሕግ ናት፦ «ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል።» 3 ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ ተቀናሽ ሆነ፣ 12 − 3 ተባለ። ይህችን ሕግ እኔ አልወዳትም። ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር የገባ ሰው ስሙን አይቀይርም። ቁጥርማ ጭራሽ አይሻገርም። የምናደርገው ሁለቱም ጎን ላይ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት ነው፤ ቁጥሩ ከአንዱ ጎን ይጠፋና ውጤቱ በሌላው ይታያል። ለሚቸኩል ሰው የተሻገረ ይመስለዋል።

መፍትሄው ሁለት ሳህን ያለው የገበያ ሚዛን ነው። በአንዱ ሳህን እኩል የሚመዝኑ ሦስት ከረጢቶች፣ በሌላው 12 ኪሎ አለ። አንዱ ከረጢት ስንት ይመዝናል? እንዲህ ስጠይቅ 9 ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለቱንም ጎን ለ3 አካፍሉ፣ ሀ = 4። ማባዛትን የሚፈታው ማካፈል ነው፣ መደመርን የሚፈታው መቀነስ። 3ሀ «ሦስት ጊዜ ሀ» መሆኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በ3 እና በሀ መካከል ምንም ስላልተጻፈ ዓይን ይዘለዋል።

እንደ 3ሀ + 5 = 20 ሁለት ሥራ ሲደራረብ «የቱን ላስቀድም?» ይመጣል። ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዳው ሹፌሩ ነው፦ «መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይወርዳል።» ሀ መጀመሪያ በ3 ተባዛ፣ ከዚያ 5 ተጫነበት። ስለዚህ መጀመሪያ 5 ይውረድ፣ 3ሀ = 15፤ ቀጥሎ ለ3 ማካፈል፣ ሀ = 5።

8 − 2ሀ = 14 ተብሎ ሀ = 3 ሲወጣ

8ን ከሁለቱም ጎን ስትቀንሱ ከ2ሀ ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት አብራ ትረሳለች። 2ሀ = 6 ተብሎ ይጻፋል፣ መልሱ 3 ይሆናል። ስታስገቡት ግን 8 − 6 = 2 ነው።

ምልክት ከእሷ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ንብረት ናት፤ ቁጥሩ ባለበት ትኖራለች። አሉታዊ ቁጥር የሚያስፈራችሁ ከሆነ መጀመሪያ የተቀነሰውን መልሱ። ለሁለቱም ጎን 2ሀ ጨምሩ፦ 8 = 14 + 2ሀ። ከሁለቱም 14 ቀንሱ፦ −6 = 2ሀ። የ6 ብር ዱቤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የ3 ብር ዱቤ ነው፣ ሀ = −3። አስገቡት፦ 8 + 6 = 14።

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ እርምጃ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ፣ በአንድ ጎን የተቀነሰውን ለሁለቱም ጎን ጨምሮ መሙላትን «አልጀብር» ይለው ነበር። በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የወጌሻ ሥራ ማለት ነው። ዐረብኛ የሚያውቁ ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ትምህርቱን እንደ ባዕድ ማየታቸው ትንሽ ይቀንሳል።

2(ሀ + 15) = 70 ተብሎ ሀ = 27.5 ሲወጣ

2 የተባዛው በሀ ብቻ ነው፣ 15 ተረስቷል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሳምቡሳና የ15 ብር ሻይ ወስደው ሒሳቡ 70 ብር መጣ እንበል። የአንዱን ሻይ ሳትከፍሉ ልትወጡ ነው? 2ሀ + 30 = 70፣ አንዱ ሳምቡሳ 20 ብር።

ክፍልፋይ ላይም ያው ነው። ሀ/2 + 3 = 10 ሲሰጥ ሁለቱንም ጎን በ2 ስታባዙ 3ም ይባዛል፦ ሀ + 6 = 20፣ ሀ = 14። 17 ያገኘ ሰው 3ን ረስቷል።

በቃል እየመለሳችሁ ወረቀት ላይ ስትሳሳቱ

ይህ ብዙ ጊዜ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ትእዛዙ ሳይገባ ሥራው ይጀመራል። «ሶልቭ» ሲል ሀን ፈልጉ ማለት ነው። «ሲምፕሊፋይ» ሲል አሳጥሩ ብቻ። 3ሀ + 5ሀ − 4ን አሳጥሩ ሲባል መልሱ 8ሀ − 4 ነው፣ እዚያው ይቆማል። ብዙዎች ግን አላስችል ብሏቸው ከራሳቸው «= 0» ይጨምሩና ሀ = 1/2 ይላሉ። ጥያቄው ውስጥ የእኩል ምልክት ከሌለ የምትፈቱት እኩልታ የለም።

የቃላት ጥያቄ ሲመጣ

ሁለት ወንድማማቾች 450 ብር ተካፈሉ፤ ታላቁ ከታናሹ 50 ብር በልጦ ደረሰው። የተለመደው ስህተት 450ን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ 50 መጨመር ነው፤ 225 እና 275 ሲደመር 500 ይሆናል። 50 ብሩ ከየት መጣ?

ችግሩ ስም ሳይሰጡ ወደ ስሌት መሮጥ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «የታናሹ ድርሻ ሀ ይሁን።» እንግዲያው የታላቁ ሀ + 50 ነው፣ ድምሩ 2ሀ + 50 = 450። 2ሀ = 400፣ ሀ = 200፤ ታላቁ 250 ወሰደ።

ልብስ ሻጯ ይህን ያለ ወረቀት ፈታችው፦ «50ውን መጀመሪያ ለታላቁ ስጠው፣ የቀረውን እኩል አካፍል።» የሠራችው ራሱን እኩልታውን ነው፣ እርምጃ በእርምጃ። እሷ ግን አልጀብራ እንደማትችል ስትነግረኝ ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ሀ ከሁለቱም ጎን ሲጠፋ

3ሀ + 4 = 3ሀ + 9 ስትሠሩ 4 = 9 ይቀራል። ተማሪው ደንግጦ ገጹን ይሰርዛል። አትሰርዙ፤ እርምጃችሁ ትክክል ከሆነ ለዚህ እኩልታ የሚሆን ቁጥር የለም፣ «መፍትሄ የለውም» ብላችሁ ጻፉ። የቀረው እንደ 6 = 6 እውነት ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ቁጥር መልስ ነው።