ከኬሞ በኋላ ሐሳብ አልሰበሰብ ሲል

ለካንሰር ኬሞ (ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት)፣ የጭንቅላት ጨረር ወይም እንደ ታሞክሲፈን ያለ የሆርሞን ኪኒን የወሰደ ሰው የጎረቤቱ ስም ሲጠፋበት፣ ጓዳ ገብቶ ለምን እንደገባ ሲጠፋው፣ አንድ ገጽ ሦስቴ አንብቦ ምንም ሳይዝ ሲቀር «እርጅና ነው» ወይም «ሐሳብ አብዝቶ ነው» ይባላል። ችግሩ ግን በሕክምና የታወቀ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እንዲያውም ኬሞው ሳይጀመር ይታያል። አብዛኛው ሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ወራት እየተሻለው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ላይ ለዓመታት ይቆያል።

በብዛት የሚደክመው ልብ የማለት አቅም ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የጠፋዎት ሲያስቀምጡት ልብ ስላላሉት ነው፤ ያልገባ ነገር ደግሞ ቢጨነቁም አይወጣም። ስለዚህ «ላስታውስ» እያሉ መታገሉን ይተዉትና መያዝ ያለበትን ወረቀትና ስልክ ላይ ያውርዱ፤ የቀረውን አንድ በአንድ ይሥሩ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ

ሐሳብ የሚበትን፣ ግን የሚታከም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ ምን ጠፋብኝ፣ በስንት ሰዓት፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛሁ። ክትትልዎ እዚሁ ሐዋሳ ሪፈራልም ይሁን አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ ጽሑፉን ይዘው ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዙትንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ሐኪሙ ፊት ያውጡት። ትራማዶል፣ ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊንና እንቅልፍ የሚያስይዙ የአለርጂና የጉንፋን ኪኒኖች ጭንቅላት ያደነዝዛሉ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ)፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የሶዲየምና የስኳር ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ፤ አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ የታይሮይዱን ነገር ችላ አይበሉ። ድብርትም ይህንኑ መልክ ይዞ ስለሚመጣ የስሜትዎን ሁኔታ አይደብቁ። የሆርሞኑን ኪኒን ግን ሐኪሙ ሳይል በራስዎ አያቋርጡ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ድንገት ሰው መለየት ካቃተ፣ አንደኛው እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ የሚጥል ነገር ከመጣ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኬሞ ላይ እያሉ ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰም እንዲሁ። ሐዋሳ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ «ወባ ይሆናል» ብሎ ኪኒን ገዝቶ ቤት መዋል የተለመደ ነው፤ በኬሞው ምክንያት በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ በወረደበት ሰዓት ይህ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ደብተር አንድ ብቻ

ኪስ ወይም ቦርሳ የሚገባ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረበት አንድ ደብተር ይያዙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሽበት፤ ግማሹን ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ ግማሹን ስልክ ላይ፣ ግማሹን የልጁ ደብተር ጀርባ ላይ ይጽፍና ደብተሩ ራሱ ሌላ የሚፈለግ ዕቃ ይሆናል። ለአንድ ቀን ከአምስት ጉዳይ በላይ አይጻፉ። «ኢቁብ» ብሎ መተው አይበቃም፤ «ኢቁብ ለሰብሳቢዋ፣ ከምሳ በፊት» ይበሉ። መብራት ሲጠፋና የስልክ ባትሪ ሲያልቅ የሚያወጣዎት ይሄው ወረቀት ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ብቻ እዚያ ላይ አይጻፍ።

ስልኩ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው

ጤነኛውንም የሚያሳስት ነገር ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። «2 ሰዓት ጠዋት» ለሚወሰድ ኪኒን ስልኩ ላይ 2:00 ብለው ከሞሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል፤ መሞላት ያለበት 08:00 ነው። የማታው 2 ሰዓት 20:00 ነው። ስልኩን ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይለውጡት፤ በእያንዳንዱ ደወል ስም ላይ «የጠዋት ኪኒን፣ በእኛ 2 ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ብዙ ስልክ ደወሉ ሲሞላ ስንት ሰዓት እንደቀረው ይናገራል፤ እሱን አይተው ያረጋግጡ።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። የቀጠሮ ካርዱ ላይ 5/8 ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ሚያዝያ 5 ማለት ነው፤ በስልኩ ኤፕሪል 13 ነው። «8» የሚለውን አይቶ ኦገስት 5 ላይ የሞላ ሰው ቀጠሮው ወደ አራት ወር ሊጠጋ ያልፍበታል። ካርዱን ሲቀበሉ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቁና የወሩን ስም በፊደል እዚያው ያስጽፉ።

ደወሉ ሲጮህ ሥራውን ሳይሠሩ አያጥፉት። «አሁን እወስዳለሁ» ብሎ ማጥፋት ማለት አለመውሰድ ነው።

ኪኒን፣ እሳት፣ ባጃጅ

ባለሰባት ክፍል የኪኒን ሳጥን ካላገኙ ፋርማሲ የሚሰጠውን ዓይነት ሰባት የወረቀት ፖስታ ወስደው ከሰኞ እስከ እሑድ ይጻፉባቸው። አንድ ቀን መርጠው፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ አንድ የቤተሰብ ሰው እያየ የሳምንቱን ይሙሉ። ከማሸጊያው መውጣት የሌለበት ኪኒን ስላለ አስቀድመው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ፖስታው ባዶ ከሆነ ተወስዷል። «ወሰድኩ ወይስ አልወሰድኩም?» የሚል ጥርጣሬ ከገባ ደርበው አይውሰዱ፤ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ደውለው ይጠይቁ።

ወጥ ተጥዶ ከማድ ቤት መውጣት ካለብዎት ጭልፋውን ይዘው ይውጡ። እጅ ላይ ያለ ጭልፋ «እሳት ላይ ነገር አለ» ይላል፤ የስልክ ደወል ሌላ ክፍል ሲጮህ ላይሰማ ይችላል።

ባጃጅ ውስጥ ዕቃ መርሳት የዚህ ችግር ትልቁ ኪሳራ ነው። ሲሳፈሩ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፦ «ቦርሳ፣ ስልክ፣ ፌስታል፣ ሦስት»። ሲወርዱ ሦስቱን ሳይቆጥሩ ሒሳብ አይክፈሉ።

ቤተሰብ

«ቅድም ነገርኩሽ እኮ!» የሚለው ቃል ያሸማቅቃል፤ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ይብስ ይጠፋበታል። ሬዲዮው ይጥፋ፣ ፊት ለፊት ይመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ ይነገር፦ «እማዬ፣ ነገ 3 ሰዓት እድር አለ፤ ደብተርሽ ላይ ጻፊው»። ጽፋ እስክትጨርስ ይጠበቅ። ቃል ጠፍቷት ስትፈልግም አይጣደፉባት።

እግር፣ እንቅልፍ፣ ቡና

የእግር ጉዞ ሐሳብን ያነቃል፣ ድካምንም ይቀንሳል። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ በ10 ደቂቃ ተጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል። ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል የሚወስደው የሐይቅ ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ለደከመ ሰው ይመቻል፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት ይሻላል። የማዞር ወይም የአጥንት ሕመም ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ቡና ጠዋት ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሚፈላው ላይ ቁጭ ብሎ መጫወቱ ደግ ነው፣ አቦል ቶናውን ግን ለሌላው ይተዉ። ጫትም ሌሊቱን ይወስዳል። ለአእምሮ ተብለው የሚሸጡ የስልክ ጨዋታዎች በብዛት የሚያጎብዙት በዚያው በጨዋታው ላይ ነው፤ ከወደዱት ይጫወቱ፣ እንደ መድኃኒት ግን ገንዘብ አያውጡበት።

ከባዱን ሥራ፣ ሒሳብም ይሁን ቅጽ መሙላት፣ ጭንቅላትዎ በሚበራበት ሰዓት ያድርጉት። ማታ ማታ የጻፉት ሦስት መስመር ያ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ያሳይዎታል። በዚህ መልኩ ሦስት ወር ሄደው ሥራዎን ወይም የቤቱን ሒሳብ አሁንም መያዝ ካቃተዎት ደብተሩን ይዘው ይመለሱና ወደ ነርቭ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ።