ደሴ ላይ ሰርቪስ ቤት ልትሠሩ ነው?

ሰርቪስ ልሠራ ነው ብሎ የሚጠራኝ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ በሩ የሚወጣበትን ቦታ ነው። እኔ ግንበኛ ነኝና መጀመሪያ የማየው ከላይ ያለውን ጎረቤት ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ሜዳ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የላይኛው ግቢ ውሃ ቁልቁል ወደ እናንተ ይመጣል።

ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ካርታችሁን ይዛችሁ የግንባታ ፈቃድ ጠይቁ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ እንዲህ ያለውን ትንሽ መኖሪያ የመደበው በምድብ «ሀ» ነበር፤ ከሦስቱ ቀላሉ። ጓሮ ነው፣ ማን ያየኛል ማለት አያዋጣም። ጎረቤት ያያል።

ተዳፋቱን ቆርጣችሁ ሜዳ ስታወጡ የተቆረጠው አፈር ደጋፊ ይፈልጋል። ድጋፍ ግንቡ በጥቁር ድንጋይ ይሠራ፣ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ። ብሎኬት የክፍል ግድግዳ እንጂ ተራራ መያዣ አይደለም። ግንቡ ሲወጣ የቱቦ ቁራጭ በየመሃሉ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡ፤ ከጀርባው ጠጠር ሙሉበት። አንዳንዱ ባለቤት «መልኩን ያበላሻል» ብሎ ቱቦውን ያስደፍናል። መውጫ ያጣ ውሃ ግንቡን ይገፋዋል፤ መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ያኔ ልስን መለጠፍ ሲሚንቶ ማባከን ነው።

ድጋፍ ግንቡን የክፍሉ ግድግዳ አድርጎ ብሎኬት መቆጠብ ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ እምቢ እላለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሲያልብ ይከርማል፣ የተከራይ ልብስ ይሻግታል። በድጋፍ ግንቡና በክፍሉ ግድግዳ መሃል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፣ ወለሉን የሲሚንቶ ቦይ አድርጉት።

ግድግዳው ጭቃም ብሎኬትም ይሆናል። ለደሴ ብርድ ጭቃ አይናቅም፤ ብቻ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰንብት። ኮምቦልቻ ከሆነ የምትሠሩት ግን ሙቀት ስላለ ኮርኒሱን ከፍ አድርጉት።

ሥራውን ጥቅምት ጀምሩ። ወሎ በልግ አለ፤ የካቲት ከገባ ሰማዩ አይታመንም። ቆርቆሮው ከዚያ በፊት ይመታ። አሸንዳውንም በቱቦ እስከ መንገዱ ቦይ አውርዱት፤ የታችኛው ጎረቤት ጓሮ ላይ ከለቀቃችሁት ሽማግሌ ያስቀምጣችኋል።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከድጋፍ ግንቡ ራቅ ይበል። የመብራት ገመዱን ግድግዳው ሳይለሰን አስቀብሩ፤ ለተከራይ ለብቻው ቆጣሪ አስገቡለት። አለበለዚያ በየወሩ ሂሳቡ ሲመጣ ምጣድ የጣደው ማን ነው እየተባለ መነታረክ ነው።