አለሁ የለሁም የሚል ብልሽት በአሮጌ አይቢኤም ፒሲና ኤክስቲ ላይ እንዴት ይፈለጋል?

ጨርሶ የሞተ ኮምፒውተር ብልሽቱ ባለበት ስለሚቆይ እየተለካ ይደረስበታል። የሚያስቸግረው ጠዋት በደንብ ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ቀጥ የሚለው ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው አይቢኤም ፒሲ (5150) ወይም በ1983 በተከተለው ኤክስቲ (5160) ላይ ይህ ሲገጥም፣ ብዙ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያገኘውን ቺፕ ሁሉ በጣቱ ይጫናል። ማሽኑ ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን የላላው የትኛው እንደነበር ማወቂያው መንገድ በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ ብልሽቱ ከበራ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚመጣ፣ ዲስክ ሲሠራ ይሁን ሲሞቅ፣ በስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ኃይሉን ይለኩ። ፓወር ሰፕላዩን ነቅለው ባዶውን አይለኩት፤ ጭነት ከሌለው ላይነሳ ይችላል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ በዲስክ ድራይቩ ማገናኛ ላይ በቀዩና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መነበብ አለበት፤ በቢጫው በኩል ደግሞ ወደ 12 ቮልት። ብልሽቱ በሚታይበት ሰዓት ንባቡ የሚወርድ ከሆነ ቺፕ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ስክሪኑ ራሱ ይመራዎታል። «ፓሪቲ ቼክ 1» (ፓሪቲ የሜሞሪ ስህተት የሚያሳይ ተጨማሪ ቢት ነው) የሚለው ጽሑፍ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሜሞሪ፣ «ፓሪቲ ቼክ 2» ደግሞ በማስፋፊያ ካርድ ላይ ያለውን ያመለክታል። ሲነሳ 201 የሚል ቁጥር ከታየ ከፊቱ ያሉት አሃዞች ባንኩን (የሜሞሪ ቺፖቹን ረድፍ) እና ቢቱን (በረድፉ ውስጥ የትኛው ቺፕ እንደሆነ) ይናገራሉ፤ ከእነዚህ አሃዞች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 00 ከሆኑ የፓሪቲው ቺፕ፣ 01 ከሆኑ ቢት 0፣ 10 ከሆኑ ቢት 4፣ 80 ከሆኑ ቢት 7 ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ነቅለው፣ የተጠረጠረውን ቺፕ በዚያው ባንክ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ፤ ጎድጓዳ ምልክቱ ወደ ቀድሞው አቅጣጫ መዞሩን ያረጋግጡ፣ ተገልብጦ የገባ ቺፕ ይቃጠላልና። ቁጥሩ ቺፑን ተከትሎ ከተቀየረ ጥፋቱ የቺፑ ነው፤ ካልተቀየረ ሶኬቱን ወይም ከሶኬቱ በታች ያለውን መስመር ይመርምሩ፤ ጭራሽ ከጠፋ ግን መንስኤው የላላ ወይም የዛገ እግር ሳይሆን አይቀርም። በ5150 ላይ የመጀመሪያው ባንክ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ይህ ዘዴ ለእርሱ አይሠራም።

ቺፕ ከሶኬቱ ቀስ በቀስ የሚወጣው ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በመለጠጡና በመኮማተሩ ነው። በ1980 የወጣው አፕል 3 በዚህ ችግር ከመታወቁ የተነሳ ባለቤቶቹ ማሽኑን ጥቂት ከፍ አድርገው እንዲለቁት ይመከሩ ነበር! እርስዎ ግን እግሮቹንና የካርዶቹን ጥርስ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ላጲስ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ አልመክረውም፣ ወርቁን ይበላል፣ ፍርፋሪውም ሶኬት ውስጥ ይቀራል።

ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ብልሽት ከሆነ የቦርዱን ሌላ ክፍል በካርቶን ከልለው ትንሽ ቦታ በፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ያሙቁ፤ ብልሽቱ ሲመጣ ቺፖቹን በማቀዝቀዣ ስፕሬይ አንድ በአንድ ይንኩ። ቀዝቅዞ ማሽኑን የሚያስተካክለው ቺፕ ተጠርጣሪው ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ ደግሞ ቦርዱን በቀጭን ደረቅ እንጨት ቀስ ብለው ሲመቱ ይገለጣል፤ እርሳስ አይጠቀሙ፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ይፈትሹ፣ ከዚያም ሌላውን ይንኩ። ሲጨርሱ ክዳኑን ዘግተው ለሰዓታት ያሠሩት፤ ክፍት ማሽን ከተዘጋው ስለሚቀዘቅዝ ጠረጴዛ ላይ ያለፈው ፈተና አያስተማምንም።